ክንዱን የማይሠራ ማጫወቻውን አይጀምር

ክቡራትና ክቡራን፣ የድምፅ ነገር የሚገዳችሁ ወዳጆቼ፣

የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነው። አምፕሊፋየርና የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ እየሠራ የሚኖር አነስተኛ ድርጅት አቅምን ያገናዘበ የሸክላ ማጫወቻ ልሥራ ብሎ ቢነሣ ይበጀዋል ወይ? መልሴን ለመጨረሻ አላቆየውም። ይበጀዋል፤ ይሥራ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ክንዱን፣ ማለት መርፌውን ሸክላው ላይ ይዞ የሚሄደውን ዘንግ፣ ራሱ ለመሥራት ያልቆረጠ ድርጅት ነገሩን ባይጀምረው ይሻለዋል። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የዚህ ቅድመ ሁኔታ ማብራሪያ ነው።

እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ማጫወቻን የማውቀው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲያብረቀርቅ ሳይሆን ጥቂት ዓመታት አገልግሎ፣ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ነው። በዚያን ጊዜ የትኛው አምራች እንደተጨነቀበትና የትኛው ቶሎ ለመገላገል እንደቸኮለ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፈላጊ አለ ወይ የሚለውን ቶሎ ልለፈው፤ ምክንያቱም አለ። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር እንዳወጣው ዘገባ፣ በ2020 በአገሪቱ ከሸክላ የተገኘው ገቢ ከሲዲ ገቢ በለጠ፤ እንዲህ ሲሆን ከ1986 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በ2022 ደግሞ በብዛትም በለጠ፤ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ላይ ቀረ። በዓመቱ ደግሞ ሸክላው ወደ 43 ሚሊዮን ከፍ አለ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ቁጥር ነው። ሉሚኔት የተባለው የሙዚቃ ገበያ አጥኚ ድርጅት እዚያው አሜሪካ ባደረገው ጥናት፣ ሸክላ ከሚገዙት ሰዎች ማጫወቻ ያላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ሰዎች ይህን ቁጥር የሚጠቅሱት ብዙ ጊዜ ገዢዎቹን ለመንቀፍ ነው፤ ለግድግዳ ጌጥ ነው የገዙት ይላሉ። አንዳንዱ እንዲያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡን ከፍሎ፣ የሚወደውን ዘፋኝ ሥራ በእጁ ይዞ፣ ሽፋኑን እያገላበጠ የሚያይና ድምፁን ግን ያልሰማ ሰው ለእኔ ገና በሩ ላይ የቆመ እንግዳ ነው። ግባ የሚለው ሰው ይፈልጋል።

በአሁኑ ሰዓት ይህን ሰው ቀድሞ የሚቀበለው ማነው? በሻንጣ መልክ የሚሸጠው፣ ድምፅ ማጉያው በውስጡ የተገጠመለት ርካሽ ማጫወቻ ነው። አልንቀውም፤ ብዙ ወጣት ሸክላ የሚባል ነገር ያወቀው በእሱ ነው። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ደህና ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌው የሚሰካበት ዕቃ) በመርፌው ጫፍ ሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከአንድ ግራም ተኩል እስከ ሁለት ግራም ሲሆን የሻንጣው ሴራሚክ ካርትሪጅ ግን አምስትና ስድስት ግራም ይጫናል። ክንዱ የሚዛን ክብደት ስለሌለው ማስተካከል አይቻልም። ድምፅ ማጉያዎቹ ደግሞ መርፌው በቆመበት ሳጥን ላይ ስለሆኑ ባስ ባለበት ቦታ ሁሉ ሳጥኑን እየነቀነቁ መርፌውን ይረብሹታል። ገዢው "ሸክላ ማለት ይኸው ነው እንዴ?" ብሎ ይተወዋል። ለአንድ ጥበብ ከዚህ የከፋ መግቢያ አላውቅም።

ከሻንጣው ከፍ ሲል ግን ሜዳው ባዶ አይደለም። የእንግሊዙ ሬጋ፣ የኦስትሪያው ፕሮጄክት፣ የጃፓኑ ኦዲዮ ቴክኒካ ለጀማሪ የሚሆን ማጫወቻ ከሠሩ ቆይተዋል፤ ጥሩም ይሠራሉ። አዲስ የሚገባው ትንሽ ድርጅት ከእነዚህ ጋር በዋጋ ልፎካከር ካለ ገና ሳይጀምር አልቆለታል። እነሱ ፑሊውንም (ቺንጋው የሚያልፍበትን የሞተሩን ትንሽ ጎማ) ሞተሩንም በብዛት ስለሚገዙና ስለሚያሠሩ እሱ የማያገኘውን ዋጋ ያገኛሉ።

ስለዚህ አቋራጭ መንገድ ይፈለጋል፤ አቋራጩም አለ። ለብዙ ስሞች የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ። የታይዋኑ ሃንፒን ከእነሱ አንዱ ነው፤ እጅግ የተለያየ ስም የተለጠፈባቸው ማጫወቻዎች ከውስጥ ሲከፈቱ ወንድማማች የሚሆኑበት ምክንያት ይኸው ነው። የቀለሙን ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ ስማችሁን ታስለጥፋላችሁ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቃው በሳጥን ይደርሳችኋል። ፋብሪካዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ክስ የለኝም። ለትንሽ ድርጅት ግን ይህን መንገድ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ምክንያቴን በአንድ ነገር ላሳያችሁ። አንድ ጊዜ ደንበኛ ይዞት የመጣ ማጫወቻ የክንዱ ኩሽኔታ ልል ሆኖ ነበር፤ በአግድም ሲነኩት ይላወሳል። ማጫወቻው ላይ ስሙ የተጻፈው ድርጅት ዘንድ ደወልኩ። ቅን ሰዎች ናቸው፤ መልስ ለመስጠትም አልዘገዩም። ግን የኩሽኔታው ማጥበቂያ በየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ክንዱን ከፍተውት አያውቁም። ያቀረቡልኝ መፍትሔ ሌላ ማጫወቻ መላክ ነበር፤ ሁለተኛውም ደርሶ ሲታይ እንደ መጀመሪያው ይላወሳል። የትልቅ ድርጅት ደንበኛ እንዲህ ሲሆን ዝም ብሎ ወደ ሌላ ስም ይሄዳል። ከትንሽ ድርጅት የገዛ ሰው ግን የገዛው እኮ ሠሪው ያውቀዋል ብሎ ነው። ያ እምነት ከሄደ ትንሹ ድርጅት ከትልቁ የሚለይበት ምንም አይቀረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ።

የሸክላ ቦይ ስፋቱ ሃምሳ ማይክሮን ገደማ ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው)፤ ከፀጉር ይቀጥናል። ሙዚቃው የተቀረጸው በዚህ ቦይ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ሲሆን ለስለስ ያለው ድምፅ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ መወዛወዝ ብቻ ነው። ዓይነ ስውር በበትሩ መንገዱን እንደሚዳስስ መርፌው ይህን እየዳሰሰ ይሄዳል፤ ካርትሪጁ ደግሞ ዳሰሳውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። የሚወጣው ከሦስት እስከ አምስት ሚሊቮልት ያህል ነው። ሲዲ ማጫወቻ የሚሰጠው ሁለት ቮልት መሆኑን ስታስቡ ከ400 ጊዜ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። ካርትሪጁ የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌው ከካርትሪጁ አካል አንጻር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ። ቦዩ መርፌውን ያንቀሳቅሰው፣ ክንዱ በኩሽኔታው ልልነት ካርትሪጁን ያንቀሳቅሰው፣ ወይም ሞተሩ ሳጥኑን ያርገብግበው፣ መለየት አይችልም። ሁሉንም ሙዚቃ ነው ብሎ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልከዋል።

የኤሌክትሮኒክስ ሰው የለመደው ዓለም ከዚህ ይለያል። ሰርኪዩቱን አንዴ በትክክል ከነደፈ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ የማይበልጥ ሬዚስተሮች በትንሽ ዋጋ ያገኛል፤ አሥረኛው ቦርድም ሺኛው ቦርድም አንድ ዓይነት ይሠራል። ጥራቱ ያለው በንድፉ ውስጥ ነው። በማጫወቻ ግን ንድፉ ግማሽ መንገድ እንኳ አያደርስም። እያንዳንዱ ዘንግ፣ እያንዳንዱ ኩሽኔታ፣ እያንዳንዱ ፑሊ እንደገና በትክክል መሠራት አለበት። የፑሊውን ነገር ብቻ ብናይ፣ ዲያሜትሩ 12 ሚሊሜትር መሆን የነበረበት ፑሊ ቶርኖ ላይ በሚሊሜትር ሃያኛ ያህል ቢሳሳት ፍጥነቱ 0.4 በመቶ ይዛባል። አምፕሊፋየር በመሥራት የተካነ ድርጅት ማጫወቻ ሲጀምር የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው። ናሙናው ግሩም ይሆናል፤ ችግሩ የሚመጣው ሁለት መቶኛው ላይ ነው።

ታዲያ ክንዱን ለምን ከሁሉ አስቀድማለሁ? ሌላው አካል ሁሉ ከሞላ ጎደል በጥንቃቄ ሊገዛ ወይም በውል ሊሠራ ስለሚችል ነው። ሞተር ይገዛል። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ከአሉሚኒየም፣ ከመስታወት ወይም ከአክሪሊክ የሚቆርጥ ባለሙያ አይጠፋም። የሳህኑ ዋና ኩሽኔታ የብረት ዘንግ፣ የነሐስ ማቀፊያና ከሥር አንዲት ጥይት (ትንሽ ድቡልቡል ኳስ) ናት፤ ደህና ቶርኖ ያለው ሰው ይሠራታል። ክንዱ ግን ሚዛን፣ ጂኦሜትሪና ንዝረት አንድ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ጂኦሜትሪውን ማንም አያስከፍልበትም። ሸክላ የሚቆረጠው ቀጥ ብሎ ወደ መሐል በሚጓዝ መቁረጫ ሲሆን ክንድ ግን በአንድ ምሰሶ ላይ የሚዞር በመሆኑ መንገዱ ቅስት ነው። ስሕተቱን ለመቀነስ ካርትሪጁን ማዘንበልና መርፌው ከሳህኑ መሐል ጥቂት እንዲያልፍ ማድረግ እንደሚገባ ስዊድናዊው ሎፍግሬን በ1938፣ ከእሱ ቀጥሎ ቤርዋልድ በ1941 ቀምረው አስቀምጠውታል። በተለመደው ቀመር መርፌው ከመሐል 66 እና 121 ሚሊሜትር ገደማ ሲርቅ ስሕተቱ ዜሮ ይሆናል፤ በሌላው ቦታ ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ነው። ይህ ከሰማንያ ዓመት በላይ በአደባባይ ያለ እውቀት ነው። ቀመሩ ግን የክንዱ ምሰሶ የት እንደሚተከል በሚሊሜትር ክፍልፋይ ይወስናል፤ ቀዳዳውን ሲበሱ አንድ ሚሊሜትር የሳቱ እንደሆነ ቀመሩ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ይህ ደግሞ በጣም የሚጎዳው ወደ ሸክላው መጨረሻ ነው። ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ሲዞር በውጪው ጠርዝ መርፌው ሥር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ቦይ ያልፋል፤ ወደ ውስጥ ሲጠጋ 21 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ተጨምቆ ተጽፏል ማለት ነው። እዚያ ላይ የአሥር ሺህ ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 21 ማይክሮን ብቻ ሲሆን የተለመደው ድቡልቡል መርፌ ጫፍ ራሱ ራዲየሱ 18 ማይክሮን አካባቢ ነው። ዘፋኟ "ሰ" ባለች ቁጥር ድምፁ የሚፏጨው በዚህ ምክንያት ነው።

ንዝረቱም ቀመር አለው። የክንዱና የካርትሪጁ ክብደት ከመርፌው ስፕሪንግ ጋር ሆኖ የራሱ የመወዛወዣ ድግግሞሽ ይኖረዋል፤ ይህ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ መካከል ቢውል መልካም ነው። ከዚያ በታች ከወረደ የተጣመመ ሸክላ ክንዱን ያስጨፍረዋል፤ ከላይ ከሄደ ደግሞ ወደ ሙዚቃው ባስ ይገባል። ድግግሞሹን ለማግኘት 159ን ለክብደቱ (በግራም) እና ለመርፌው ስፕሪንግ ልስላሴ ብዜት ካሬ ሥር ማካፈል ነው። ለምሳሌ ክንዱ 11፣ ካርትሪጁ 6፣ ብሎኖቹ 1 ግራም ቢሆኑና የመርፌው ልስላሴ 15 ቢሆን 10 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ክንዱን ራሱ የሠራ ድርጅት ይህን ቁጥር ከጅምሩ ይወስናል። ክንድ የገዛ ግን ሌላ ሰው ለሌላ ካርትሪጅ የወሰነውን ይቀበላል።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ክንዶች ተመልከቱ። ሁለቱንም የሚዛን ክብደታቸውን አስተካክዬ በአየር ላይ እንዲንሳፈፉ አድርጌያቸዋለሁ። የመጀመሪያውን በስሱ እፍ ስለው ሳይንገዳገድ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ትንፋሼ ሲያልቅ እሱም ባለበት ያርፋል። ሁለተኛውን እፍ ስለው አይነቃነቅም፤ ጠንከር አድርጌ ስነፋው ድንገት ይዘልላል፤ ከዚያ እንደገና ይያዛል። ጥሩ ክንድ ለመንቀሳቀስ የሚጠይቀው ኃይል ጥቂት አሥር ሚሊግራም ነው፤ ይህኛው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ያንን ኃይል የሚከፍለው የቦዩ ግድግዳ ነው።

አሁን ደግሞ ኩሽኔታውን ላላው። ክንዱ እንደ መጀመሪያው በነጻነት ይንሳፈፋል። ጥሩ ሆነ ትላላችሁ፤ ነገር ግን የፊቱን ጫፍ በሁለት ጣት ይዤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስነካካው ጣቴ ላይ ቅጭ የምትል ነገር ትሰማኛለች። ያቺ ቅጭታ ከአንድ ማይክሮን ብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ ለስላሳውን ሙዚቃ በሙሉ ትሸፍነዋለች። ትክክለኛው ቦታ በ"ተያዘ" እና በ"ላላ" መካከል ያለ ጠባብ ሥፍራ ነው፤ የሚገኘውም በእጅ ነው። ብሎኑን ጥቂት ታጠብቃለህ፣ ታንሳፍፋለህ፣ ትነካለህ፣ እንደገና ትመልሳለህ። ይህን ሥራ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች በድርጅቱ ውስጥ ካሉ ማጫወቻ ይሠራል። ከሌሉ ማሠልጠን አለበት። ማሠልጠን ካልፈለገ፣ ከልቤ እላለሁ፣ ይተወው።

ታሪክም የሚናገረው ይህንኑ ነው። አኩስቲክ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚታወቀው በድምፅ ማጉያ ነበር። በ1961 ኤድጋር ቪልቹር የነደፈውን ማጫወቻ ከነክንዱ ከ60 ዶላር ባነሰ ዋጋ አወጣ። ቪልቹር አንድ ነገር ላይ ብቻ አተኮረ፤ ሳህኑንና ክንዱን በአንድ ጠንካራ አካል ላይ አስሮ ያንን አካል በስፕሪንግ አንጠለጠለው፤ ሞተሩ ውጪ ቀርቶ በቺንጋ ብቻ ተገናኘ። ሳህኑና ክንዱ አብረው ስለሚወዛወዙ በመካከላቸው እንቅስቃሴ የለም። በዚያ ማጫወቻ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አታገኙም፤ ነገር ግን ከእሱ በኋላ የመጡ ዝነኛና ውድ ማጫወቻዎች ሐሳቡን ተከትለውታል።

ሬጋም በ1973 ሲመሠረት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ስሙም የሬልፍና የጋንዲ የስማቸው መጀመሪያ ነው። በ1983 አርቢ 300 የተባለውን ክንድ አወጡ። የክንዱ ቧንቧ ከፊቱ ጫፍ ጋር በአንድ ወጥ ከአሉሚኒየም የተቀዳ ነበር፤ መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላወስ ነገር የለውም። ለሞልዱ፣ ማለት ለመቅጃ ቅርጹ፣ የወጣው ወጪ ለትንሽ ድርጅት ከባድ ነበር። ነገር ግን ክንዱ ዋጋው ተመጣጣኝ ስለነበረ ሌሎች ማጫወቻ አምራቾች ሳይቀሩ እየገዙ በራሳቸው ማጫወቻ ላይ ገጠሙት። ልብ በሉ፣ ተወዳዳሪዎቹ ደንበኞቹ ሆኑ። ፕሮጄክት ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። ሐይንዝ ሊክተኔገር በ1991 ሲጀምር ቼክ ውስጥ ሊቶቬል በምትባል ከተማ የቀድሞው ቴስላ ማጫወቻ ይሠራበት የነበረውን ፋብሪካ አገኘ፤ ማለት ክንድ ማስተካከል የለመዱ እጆችን አገኘ። ፋብሪካ ለመግዛት አቅም የሌለው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ሕንጻውን ሳይሆን ሰዎቹን ነው።

ከቅርቡ ዩተርን ኦዲዮን እጠቅሳለሁ። በ2012 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሦስት ወጣቶች ከሕዝብ መዋጮ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ አሰባስበው ኦርቢት የተባለውን ማጫወቻ ጀመሩ። የመጀመሪያው ኦርቢት ፍጥነቱ የሚቀየረው ቺንጋውን በእጅ ከአንዱ የፑሊ ደረጃ ወደ ሌላው በማዛወር ነበር። የክንድ ማንሻ እንኳ በተጨማሪ ክፍያ ነበር የሚመጣው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት አየው፤ እኔ ግን እንደ ድፍረት አየሁት። ቆይተው ገቢ ሲያገኙ ገንዘቡን ያዋሉት በአንድ ወጥ ከማግኒዚየም የተሠራ የራሳቸውን ክንድ ለማውጣት ነበር። ቅደም ተከተሉ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ክንዱ ገንዘቡን ከወሰደ ከሌላው መቀነስ ግድ ነው። የሚቀነሰውን ስናገር ቅር የሚለው ይኖራል። ብሉቱዝ ይቅር። ሸክላው ሲያልቅ ክንዱን በራሱ የሚመልሰው አውቶማቲክ ይቅር፤ በዝቅተኛ ዋጋ ሲሠራ በክንዱ ላይ የሚጎተት ሌላ ነገር ነው። ሳህኑን ያለ ቺንጋ በቀጥታ የሚያዞረው ሞተርም ይቅር። ይህ የመጨረሻው የሚያስቆጭ ነው፤ ምክንያቱም ሲሠራ ግሩም ነው። ግን ቴክኒክስን ተመልከቱ። በ1970 ኤስፒ 10ን፣ በ1972 ኤስኤል 1200ን ያወጣው ከጀርባው ግዙፍ ኩባንያ ይዞ ነው። በ2010 ማምረት አቁሞ በ2016 ሲመለስ እንኳ መጀመሪያ የመጣው ውዱ ነበር፤ ዋጋው ቀለል ያለው የተከተለው ቆይቶ ነው። እንደዚያ ያለ ኩባንያ ያልቸኮለበትን ትንሹ ድርጅት አይድፈረው። ቺንጋ፣ ጸጥ ያለ ሞተርና በደንብ የተቆረጠ ፑሊ ይበቃል። እንዲያውም የሸክላው ቀዳዳ ራሱ ከመሐል ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ቢስት፣ መርፌው ከመሐል አሥር ሴንቲሜትር በሚርቅበት ቦታ ፍጥነቱን ግማሽ በመቶ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በየቤቱ እንዲህ ያለ ሸክላ ሞልቶ ሳለ ለጀማሪ በሚሸጥ ማጫወቻ ላይ የፍጥነቱን መዛባት ከ0.1 በመቶ በታች ለማውረድ የሚፈስሰው ገንዘብ ክንዱ ላይ ቢውል ብዙ ይፈይዳል።

ስለ ፎኖ ማጉያው፣ ማለት የካርትሪጁን ደካማ ምልክት አጉልቶ ለአምፕሊፋየሩ ስለሚያደርሰው ዕቃ፣ ግን የተለየ አስተያየት አለኝ። ሸክላ ሲቆረጥ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው፤ ባለበት ቢቀረጽ ባሱ ቦዩን አስፍቶ ቦታ ይጨርሳል፣ ቀጭኑም በሸክላው ኮሽታ ይዋጣል። ሲጫወት ይህ መመለስ አለበት። ከ1954 ጀምሮ ስምምነት በተደረሰበት ቀመር መሠረት ከአንድ ሺህ ኸርዝ አንጻር 20 ኸርዝ ላይ አሥር እጥፍ ያህል ይጨመራል፣ 20 ሺህ ኸርዝ ላይ አሥር እጥፍ ያህል ይቀነሳል። ይህ ንጹሕ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነው፤ አምፕሊፋየር ሲሠራ የኖረ ድርጅት ይህን ከማንም በተሻለ ይሠራዋል። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች የሚሰናከሉት ደግሞ እዚሁ ላይ ነው፤ ከሞተሩ አጠገብ ሆድ ውስጥ የተወተፈች ቦርድ እምምም እያለች ትኖራለች። ስለዚህ ፎኖ ማጉያው ለብቻው በሳጥኑ ይሁን፣ ከማጫወቻው ጋር አብሮ ይሸጥ። ትንሹ ድርጅት ከሬጋም ከማንም ጋር ቆሞ የሚወዳደርበት ቦታ ይህ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ እናንተ ከእኔ ታውቁታላችሁ። የአካላቱ ዋጋ በአራት ወይም በአምስት ሳይባዛ የመሸጫ ዋጋ ቢወጣ የጉልበቱ፣ የኪራዩና የዋስትናው ወጪ ከየትም አይመጣም። ለማጫወቻ ግን አንድ የተረሳ ወጪ አለ፤ ጉዞው። አምፕሊፋየር በሳጥን ተጉዞ እንደወጣ ይደርሳል። ማጫወቻን ሳህኑን በዘንጉ ላይ እንዳለ አሽጋችሁ ከላካችሁት፣ ሳጥኑ በተጣለ ቁጥር የሳህኑ ክብደት በሙሉ በዚያች ከሥር ባለች ጥይት ላይ ያርፋል። ጥይቷ የተቀመጠችበት ቦታ ይሰረጉዳል። ደንበኛው ሲያጫውት ድፍን ያለ የመንከባለል ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩ ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ እናንተም ሞተሩን ትቀይራላችሁ፤ ድምፁ አይጠፋም። ሳህኑ ወርዶ ለብቻው ይታሸግ፤ የሚዛን ክብደቱም ወልቆ፤ ክንዱም ታስሮ። ይህ ማለት ደግሞ ደንበኛው ቤቱ ሲደርስ ራሱ ይገጥማል፣ ሚዛኑን ራሱ ያስተካክላል ማለት ነው። ስለዚህ ወጣቱ በመጀመሪያው ምሽት የሚያነብበት፣ ሥዕል የበዛበት ግልጽ መመሪያ ያስፈልገዋል፤ አብራ የምትላክ ትንሽ የመርፌ ሚዛንም ብትኖር ገንዘቧን ከሚመለሱት ዕቃዎች ማነስ ትከፍላለች።

መለዋወጫም እንዲሁ። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ገደማ ካገለገለ በኋላ መቀየር አለበት፤ ቺንጋም ይለጠጣል። ካርትሪጁ በመደበኛው የ12.7 ሚሊሜትር የብሎን ርቀት የሚታሰር፣ በየትም የሚገኝ ዓይነት ይሁን። የራሳችን ልዩ ካርትሪጅ ይኑረን የሚል ሐሳብ ከስብሰባ ላይ ቢነሣ እዚያው ይቀበር። ለቺንጋው ርዝመቱና ውፍረቱ መመሪያው ላይ ይጻፍ፤ ድርጅቱ አንድ ቀን ቢዘጋ እንኳ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ያገኛል።

የሚቀርብብኝ ተቃውሞ ይገባኛል። በጀማሪ ማጫወቻ ትርፉ ቀጭን ነው፣ ጥያቄው ብዙ ነው፤ አንድ አምፕሊፋየር ገዝቶ ዝም የሚል ደንበኛ እያለ ለምን ይህን ጣጣ? ልክ ነው። ነገር ግን ማጫወቻ የገዛ ሰው ከድርጅቱ ጋር የሚኖረው ግንኙነት ረጅም ነው። ፎኖ ማጉያ ይፈልጋል፣ አምፕሊፋየር ይፈልጋል፣ መርፌ ይቀይራል፣ በየዓመቱ ይጠይቃል። ይህን እንደ ሸክም የሚያይ ድርጅት ሌላ ነገር ይሥራ። እንደ ሥራው የሚያይ ግን የመጀመሪያዎቹን አንድ መቶ ክንዶች ያለ ማስታወቂያ ይሥራ፤ እያንዳንዱን ያንሳፍፍ፣ ይንካ፣ የሚይዘውንም የሚላወሰውንም መዝግቦ ስንቱ እንደወደቀ ይቁጠር። የወደቁት ከጥቂት በላይ ከሆኑ ዋጋም ቀንም አያስታውቅ፤ ገንዘብ ተቀብሎ ደንበኛን ማስጠበቅ የብዙ ትንሽ ድርጅት መሰበሪያ ሆኗል።

ለክንዱ ሞልድ የሚሆን ገንዘብ ፈጽሞ የሌለውስ? እሱ ለአሁኑ ፎኖ ማጉያውን ብቻ ይሥራ። በየቤቱ ካሉት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ እሱን ይፈልጉታል፤ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ለክንዱ ይቀመጥ። እስከዚያ ድረስ ኩሽኔታ ማስተካከል የሚማር አንድ ሰው ከአሁኑ ይመደብ፤ ገንዘቡ ከሚጠራቀምበት ጊዜ ይልቅ እጅ የሚሠለጥንበት ጊዜ ይረዝማልና። ክንዶቹን ቀርባችሁ በእጃችሁ ሞክሯቸው፤ ለጥያቄ ዝግጁ ነኝ።